የእርሳስ ዱቄት፤ ከመስተዋት ፋብሪካ እስከ ነጋዴው መጋዘን

እርሳስ የሚባለው ማዕድን ከባድና ለስላሳ ሲሆን በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይቀልጣል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ በስም ብቻ ይመስለዋል እንጂ ውስጡ ግራፋይት ነው። ማዕድኑ ቀልጦ አየር ሲያገኘው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጣል፤ ይኸውም የእርሳስ ኦክሳይድ ይባላል።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ራቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1674 ስለ ክሪስታል መስተዋት የፈጠራ መብት ከተሰጠው በኋላ፣ ይህን ዱቄት ከአሸዋ ጋር አቅልጦ መስተዋት መሥራት በአውሮፓ ተስፋፋ። ዱቄቱ የገባበት መስተዋት በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፤ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ሲመቱትም እንደ ደወል ይጮኻል። በዚህ ዓይነት ብርጭቆ አንድ ማታ መጠጣት ብዙ አያሠጋም፤ ወይን ወይም አረቄ ለወራት ቢቀመጥበት ግን እርሳሱ እየሟሟ ከመጠጡ ጋር ይደባለቃል።

የወልድያና የመርሳ ነጋዴ ክሪስታል ባይሸጥም ከዚሁ መርዝ ጋር በሌላ በር ይገናኛል። ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም፣ እንዲሁም የብረት በርና መስኮት ከዝገት እንዲጠበቅ የሚቀባው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 መሠረት በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ከአስመጪው ወይም ከፋብሪካው የምርመራ ማስረጃ መጠየቅ ለነጋዴው መብቱም ግዴታውም ነው። ቆርቆሮው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይጠይቅ የሚረከብ ነጋዴ የደንበኛውን ልጆች ጤና አብሮ እየሸጠ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ይህ የተጋነነ አነጋገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልታወቀም፤ ሕፃናትም ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂው 4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። አእምሮን ያደክማል፤ ደም ያሳንሳል፤ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ጽንሱ ይተላለፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ያረጀ የመኪና ባትሪ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ይህ ዕቃ አይጠፋም። ባትሪውን በግቢ ሰብሮ አሲዱን መሬት ላይ ማፍሰስ፣ እርሳሱንም በምድጃ ማቅለጥ ጢሱንና አቧራውን ለቤተ ሰብና ለጎረቤት ማደል ነው። ባትሪው ሳይሰበር እንደ ቆመ በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ከሀብሩ የገባ ጤፍና ማሽላ ከሚከማችበት መጋዘን ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ባትሪ ያነሣ ሠራተኛም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እህል አይስፈር።