አንድ ክር ለአንድ ሕንፃ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አስፋልት እንጅባራ ወይም ዳንግላ ሲደርሱ፣ መንገድ ዳር ከቆሙት ባለ ፎቅ ሕንፃዎች አንዱን ቀና ብለው ይዩ። ከታች ባንክና ፋርማሲ፣ ከዚያ በላይ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጠበቃ፣ ክሊኒክ። ከምሰሶው እስከ መስኮቱ ደግሞ ለየተከራዩ ለብቻው የተጎተተ ሽቦ። አንዱ በበር ሥር፣ ሌላው በተበሳ የመስኮት ጥግ ይገባል። ተከራዩ ሲለቅ ሽቦው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ተተኪው አዲስ ያስጎትታል።

ኢንተርኔት ውድ የሆነው ከሩቅ ስለሚመጣ ይመስለናል። ከአዲስ አበባ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ ይህን መንገድ ለመጨረስ ሁለት ሚሊ ሰከንድ ተኩል አይፈጅበትም። የዋናው መስመር ወጪም ለብዙ ሺህ ደንበኛ ይከፋፈላል። ኪስ የሚጎዳው የመጨረሻዋ አጭር ርቀት ናት፤ ኮብልስቶን አንስቶ መቆፈር፣ ግድግዳ መብሳት፣ ለአንድ ቢሮ ብሎ ባለሙያ መላክ።

የመስታወቱ ነገር ራሱ ድንቅ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ካኦ እንግሊዝ አገር ሆኖ መስታወት ከባዕድ ነገር ከጠራ ብርሃን እጅግ ሩቅ እንደሚወስድ አሳየ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ ብርሃኑ 15 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንኳ ግማሹ ይተርፋል። ክሩ ከነሽፋን መስታወቱ 125 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ነው። ባለሙያው ሲቀጥለው ቆሜ አይቻለሁ። ፕላስቲኩን ይልጣል፣ በአልኮል ይጠርጋል፣ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በማሽኑ ውስጥ ያገጣጥማል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ወፍራም ግንድ መስለው ይታያሉ። የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ብልጭ ሲል ቀልጠው አንድ ይሆናሉ።

ለብዙ ተከራይ የሚበጀው መላ ስፕሊተር የሚባለው ነው፤ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ አንዱን ብርሃን ለ8፣ ለ16 ወይም ከዚያ በላይ የምታካፍል ዕቃ። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ እሷ ሥራዋን አታቋርጥም፣ ባትሪ የሚያሻው የአቅራቢው ጣቢያ መሣሪያና የየቢሮው ሞደም ብቻ ነው። ጂፖን በሚባለው አሠራር አንድ ክር በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ያወርዳል። ለ16 ቢሮ ብናካፍለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ 150 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያወርዱበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው።

ከቢሮዎቹ የሚላከው መረጃ እንዳይጋጭ የሚሄደው በወንፈል ሥርዓት ነው ቢባል ያስኬዳል። ጎጃም ውስጥ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ እንደሚታረስ ሁሉ፣ ጣቢያው ለየሞደሙ ከሰከንድ ሺህኛ ያነሰች ተራ ይሰጣል። በተራው የሚልከው አንዱ ብቻ ነው። ወደ ታች የሚመጣው ግን ለሁሉም ይደርሳል፤ ሆኖም በየሞደሙ ቁልፍ የተመሰጠረ በመሆኑ የጠበቃውን ፋይል የጎረቤቱ ሞደም ሊያነበው አይችልም።

እንጅባራና ዳንግላ እንዳሉበት እንደ አዊ ያለ ዝናብ የማይለየው ደጋ የመስታወት ክርን የሚመርጥበት ሌላም ምክንያት አለው። የመዳብ ሽቦ ውኃ ሲገባው ይዝጋል፣ መብረቅም ተከትሎት ቢሮ ይገባል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥርም ፍጥነቱ ይወርዳል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ታዲያ ምን ቀረ? የሕንፃው ባለቤት። ከአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወዲህ ዘርፉ ለውድድር ተከፍቷል፤ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ባለንብረቱ አንድ የጋራ መግቢያና ከታች እስከ ላይ የሚወጣ ቱቦ ካዘጋጀ፣ ማንኛውም አቅራቢ ግድግዳ ሳይበሳ ይገባል። ኢንተርኔቱን ገዝቶ ለተከራይ መሸጥ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው። የባለቤቱ ድርሻ መንገዱን ማዘጋጀት ነው፤ ተከራዮችም ተነጋግረው በአንድ ቀን ቢያመለክቱ ቁፋሮው አንዴ ይሆናል።

እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ ዛሬ አርማታ የምታስሞሉ ባለሀብቶች ሆይ፣ ለውኃና ለመብራት ቱቦ ስታስቀብሩ አንድ ባዶ ቱቦ ጨምሩ። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ያው ሥራ በመዶሻና በመሮ ነው የሚሠራው።