የጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ ከጨው ውሃ ሲወጣ

ኮሎሎ ላይ ተቀምጠን ስለ ባሕር መጻፋችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ቅርባችን ያለው ቪክቶሪያ ሐይቅ ጨው የለውም፤ ሞምባሳ ደግሞ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኢትዮጵያም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቢሆንም ጠልቆ መሥራት ሙያ ነው፤ ወደብ የሚሠሩና መርከብ የሚጠግኑ ሰዎች እንጀራ ይበሉበታል።

ጠላቂው የሚሸከመው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር 200 ባር ገደማ ድረስ የታመቀ ስለሆነ በቀጥታ አይተነፈስም። ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ግፊቱን በሁለት ደረጃ ይቀንሰዋል። አንደኛው ክፍል ሲሊንደሩ ላይ ይታሰራል፣ ሁለተኛው በአፍ ይያዛል፣ በመካከላቸው ቱቦ አለ።

ታዲያ ጨው ምን ያደርገዋል? አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። (በክፍል ውስጥ ጨዋማ ውሃ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡና እዩት።) ያ ደረቅ ጨው ጎማውን ይፍቃል፣ ብረቱን ይበላል። ቫልቩ በደንብ ካልገጠመ አየር ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ ወይም ጠላቂው አየር ስቦ ውሃ ይመጣበታል። እዚያ ታች ደግሞ ቀልድ የለም።

ስለዚህ መታጠብ ያለበት ሳይደርቅ ነው። በቅድሚያ የአንደኛው ክፍል ክዳን በደንብ ተጠርጎ ይደርቅና አፉ ላይ ይጠበቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ነው። ከዚያ ዕቃው ንጹሕና ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲዘፈዘፍ የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ መጫን ክልክል ነው፤ ከሲሊንደር የተለያየ ሬጉሌተር ቁልፉ ሲጫን ቫልቩ ይከፈትና ውሃ በቱቦው አልፎ አንደኛው ክፍል ውስጥ ይገባል። በኋላ በአፍ መያዣው በኩል ውሃ እያፈሰሱ ማለቅለቅ ነው። ጄሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ሰው ይህ ሁሉ ውሃ ብክነት ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ዕቃ የታጠበበት ሳፋ ራሱ ጨዋማ ስለሚሆን ውሃው መለወጥ አለበት።

ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ጎማውን ይሰነጥቃል። የቤት ዘይት ወይም የመኪና ግሪስ አይነካውም። ውስጡን የሚፈታው የሠለጠነ ቴክኒሻን ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ።