ቤት ለእንቦሳ፤ ቤት ስንለውጥ ለጤናችን የምናስቀድመው ጥንቃቄ

በአገራችን ልማድ አዲስ ቤት የገባን ሰው ሊጠይቅ የሄደ ወዳጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምርቃት ያለ ጥንቃቄ ብቻውን ቤትን አያቆምም። ዕቃ ሳይሰበርና ገንዘብ ሳይባክን ቤት የሚለውጥ ብዙ ሰው አለ፤ የቤተሰብን ጤና ጠብቆ ቤት መለወጥ ግን የራሱ የሆነ ዝግጅት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ወር ለከሚሴና ለአካባቢዋ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ልንናገር አስበናል።

ነገሩን ከወቅቱ እንጀምር። መምህራን ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ የሚዛወሩት አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ፥ በነሐሴና በመስከረም ነው። የወባ ዋና ወቅትም ዝናሙ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ዕቃ የሚጫንበትና የወባ ትንኝ የምትበዛበት ወራት አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ የሚወርድ ቤተሰብ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ፥ ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ወደ ሆነና የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ ወደሚገኙበት ቆላ ይገባል። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን አልለመደምና በሽታው ሲይዘው ይጸናበታል። ይህም በአገራችን በብርቱ ሐዘን የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወዳልለመዱት ከፍተኛ ሥፍራዎች ወጥቶ በተስፋፋ ጊዜ በግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መምህር ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከደጋ አገር ወደዚህ ተዛወሩ። ዕቃቸው በሥርዓት ተጠቅልሎ ስለ ተጫነ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይሰበር ደረሰ። አጎበሩ ግን ከፍራሹ ጋር ታስሮ ስለ ነበር «ቤቱ ሲደላደል እንሰቅለዋለን» ተብሎ በጥቅሉ ውስጥ ቆየ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ትኩሳት ያዛት። የመንገድ ድካም ነው፥ የአየር ለውጥ ነው እየተባለ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ያንዘፈዝፋትና ያቃዣት ስለ ነበር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ደሟ ሲመረመርም ወባ ተገኘ። ሕፃኒቱ ታክማ ድናለች። አባትየው ግን «ብርጭቆውን በጨርቅ ጠቅልዬ ልጄን ሳልሸፍን አስተኛኋት» ሲሉ የነገሩን ቃል እስከ ዛሬ አይረሳንም። ትንኟ ከነደፈች በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፥ ቤተሰቡ ትኩሳቱ ቤት ከመለወጡ ጋር የተያያዘ አልመሰለውም ነበር።

በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ መምህራኖቻችን ማናቸውንም ቤት በሦስት ጥያቄ እንድንመረምር ያስተምሩን ነበር። ይኸውም ውሃው ከየት ይመጣል? እድፉ ወዴት ይሄዳል? አየሩስ በየት ይገባል? የሚል ነው። ቤት የሚከራይ ሰው የወር ኪራዩን ከመነጋገሩ በፊት እነዚህን ሦስቱን ቢጠይቅ አይጸጸትም። የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ እንደ ሆነ መጸዳጃ ቤቱ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ወደ ቁልቁለቱ ወገን የተሠራ መሆኑን ይመልከት። መጸዳጃ ቤቱ መክደኛና በአጠገቡ የእጅ መታጠቢያ ከሌለው ከመግባቱ በፊት ያሰናዳ። መስኮቱ የማይከፈት ቤት ርካሽ ቢሆንም ቆይቶ በሕክምና ወጪ ይወደዳል።

አራተኛ ጥያቄም በቆላ ሊጨመር ይገባዋል። ግድግዳው የፀረ ወባ ኬሚካል ተረጭቷልን? ብሎ መጠየቅ ነው። ተረጭቶ እንደ ሆነ አዲስ ገቢው ቤቱን ለማሳመር ብሎ ወዲያው ቢመርገው ወይም ቀለም ቢቀባው መድኃኒቱን ከጭቃው በታች ቀበረው ማለት ነው። ምርጊቱ የግድ ካስፈለገ ከርጭቱ በፊት ይሁን።

ቀድሞ የወባ ትንኝ የምትራባው በረግረግና በኩሬ ብቻ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በቀብሪ ደሐር ተገኘች። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍለጋም በዚሁ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በምትገኘው በባቲ ከተማ መኖሯ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ይህች ትንኝ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ትፈለፈላለች። ስለዚህ አዲስ ቤት የገባ ሰው ውሃ ለመያዝ ሲል በርሜሉን ሞልቶ ክፍቱን መተው የለበትም። መክደኛ ያብጅለት፤ በየሳምንቱም አፍስሶ ውስጡን ይፈግፍግ። በግቢው የተጣለ ጎማና የተሰበረ ገንቦም ውሃ እንዳያቍሩ ያስወግድ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ትኋን፥ ቅማል፥ ቁንጫና በረሮ ያለ ኪራይ ከእኛ ጋር የሚጓዙ እንግዶች ናቸው። በተለይ የልብስ ቅማል ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ልብስና አንሶላ ከመጠቅለላቸው በፊት በፈላ ውሃ ይታጠቡ። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የአልጋው ስንጥቅም የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። አጎበር ግን በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ቀስ ተብሎ ታጥቦ በጥላ ሥር ይሰጣል፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋልና። ጋዝ የነበረበት ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ ከቶ አይሁን። ለእህል ነቀዝ የሚደረገው ክኒን የሚገድል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ፥ ያለበትን ጆንያ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ማኖር አይገባም።

ወረቀትም ዕቃ ነው። የሕፃናት የክትባት ካርድና የነፍሰ ጡር የክትትል ካርድ ከጭነቱ ጋር ሳይሆን በእናት ወይም በአባት እጅ ይያዙ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጥ ስለ ሆነ በዝውውር መካከል ሁለተኛው እንዳይዘለል። የሳንባ ነቀርሳን ወይም ሌላ ረዥም ሕክምናን የጀመረ ሰው ከመነሣቱ በፊት ከሚታከምበት ሥፍራ የዝውውር ወረቀት ይቀበል፤ ለመንገዱ የሚበቃ መድኃኒትም ይያዝ። ከደረሰ በኋላ በቅሬው እንደሚመዘገብ ሁሉ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ራሱን ያስታውቅ።

የመጀመሪያዪቱ ሌሊት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ትሻለች። ሰው ይደክማል፤ ጎረቤት ይመጣል፤ ቡና ይፈላል። እኛ የምንመክረው አጎበሩ ከጭነቱ መጨረሻ ተጭኖ መጀመሪያ እንዲወርድ፥ ከቡናውም በፊት እንዲሰቀል ነው። ለዚህም ምስማርና ገመድ አስቀድሞ በኪስ ይያዝ። ምርጊቱ ያልደረቀ ቤት ሲገቡ ግድግዳውን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት በጭሱ መርዝ ቤተሰብን በአንድ ሌሊት የሚፈጅ አደጋ ነው። ከዚህ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ከከሚሴ ወደ ደጋ የተዛወረም ሰው ትኩሳት ቢይዘው ከየት እንደ መጣ ለሐኪሙ ይንገር።

ለመምህራን አንድ ልዩ አደራ አለን። በመስከረም አዲስ ተማሪ ወደ ክፍል ሲገባ ስሙን እንደምትጽፉ ሁሉ ከየት እንደ መጣና አጎበር እንዳለው ጠይቁት። ትኩሳት ይዞት በወንበሩ ላይ የተደፋውን ልጅ ከወላጁ አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነውና።

በመጨረሻም የምንለቀውን ቤት ጠርገን፥ ቆሻሻውን ቀብረን፥ የመጸዳጃውን ክዳን መልሰን እንሂድ። በእኛ ፋንታ የሚገባውም ልጆች አሉት። ወዳጅ መጥቶ «ቤት ለእንቦሳ» ሲል በደስታ «እንቦሳ እሰሩ» እንበል። እንቦሳዋ ግን ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ተለይታ በራሷ በረት ትታሰር።