የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ፋይሉ እምቢ ሲል

ቬራክሪፕት በተባለው ፕሮግራም ተቆልፎ በኔትወርክ ማከማቻ የተቀመጠ የድርጅት ሂሳብ፣ የይለፍ ቃሉን አልቀበል ሲል በሂሳብ ሹሙ ላይ መጮህ የተለመደ ነው። ይሁንና ቁልፉ የተቀመጠበት የፋይሉ ራስጌ፣ ማለትም የመጀመሪያው 128 ኪሎባይት፣ ሲበላሽም የፕሮግራሙ መልስ ያው ነው።

ቀዳሚው ሥራ ፋይሉን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ ሙከራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን። መለዋወጫ ራስጌ በፋይሉ መጨረሻ ስላለ ፕሮግራሙ በእርሱ እንዲከፍት ማዘዝ ይቻላል። ከተከፈተ፣ መሃል ላይ የተጎዳ ቦታ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከዚያው አያልፍም።

ክፉው፣ በዚህ ላይ መስመር ተቋርጦ ግልበጣው በግማሽ የቀረ እንደሆነ ነው። የፋይሉ መጠን ከዋናው ካነሰ ጅራቱ ተቆርጧል፤ መለዋወጫውም አብሮ ሄዷል። ያን ጊዜ አስቀድሞ በፍላሽ ለብቻው የተያዘ የራስጌ ቅጂ ከሌለ የይለፍ ቃሉ ዋጋ የለውም፤ «እከፍተዋለሁ» ለሚል ጠጋኝ የሚከፈለው ገንዘብም እንዲሁ።