በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚከራይ ቤት ለሚሠራ ነጋዴ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ወይም የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ሲያስቸግር ነጋዴው ዐይኑን የሚጥለው በቦታና በቤት ላይ ነው። በአዳማ፥ ብዙዎች ዛሬም ናዝሬት በሚሏት ከተማ፥ ከሱቁ ጥቂት ያተረፈ ሰው ገንዘቡን ወደ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲለውጥ ማየት የተለመደ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ኾኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ብሩን በባንክ ያኖረና ብሩን በግድግዳ ያኖረ እኩል አልነበሩም።

ነገር ግን ዋጋው የማይወድቅ ቤት ኹሉ ኪራይ የሚያስገባ ቤት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ልዩነት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ ቦታውን ጨምሮ በ6,000,000 ብር መልካም ቪላ ሠራ እንበል። በወር 25,000 ብር ቢያከራየው በዓመት 300,000 ብር ይኾናል። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢያድር፥ ለዕድሳት፥ ለውኃ መሳቢያና ለዘበኛ 35,000 ብር ቢወጣ፥ በእጁ የሚቀረው ግብርን ሳንቆጥር 240,000 ብር ነው፤ ይኸውም 4 በመቶ። ያው ገንዘብ በባንክ ቢቀመጥ 420,000 ብር ያስገኝ ነበር። ሌላው ነጋዴ ደግሞ በ3,500,000 ብር አሥር የሰርቪስ ክፍሎች ሠርቶ እያንዳንዱን በ4,000 ብር ቢያከራይ፥ የዓመቱ ገቢ 480,000 ብር ነው። ክፍሎቹ በጠቅላላው የሁለት ወር ኪራይ ቢያጎድሉበትና 60,000 ብር ለጥገና ቢያወጣ 340,000 ብር፥ ማለት 9 ከግማሽ በመቶ የሚያልፍ ይተርፈዋል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተሰጡ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር በቦታቸው ያግባ። ቪላው የሚያኮራ መኾኑን አንክድም፤ ኩራት ግን በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ዓምድ የለውም።

ከሒሳቡ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ተከራዩ ማነው የሚለው ነው። አዳማን ከተማ ያደረጋት መንገድ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር፥ በ2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ኹሉም ወደዚህች ከተማ ይመጣሉ ወይም በአጠገቧ ያልፋሉ። ሾፌሩ፥ ትራንዚተሩ፥ የዩኒቨርሲቲው መምህርና በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ወጣት በአንድ ዐይነት ቤት አይኖሩም፤ ኪራይ የሚከፍሉበት ቀንና አቅማቸውም ልዩ ልዩ ነው።

ተከራይ በውሳኔ መጥቶ በውሳኔ እንደሚሄድም አዳማ ታውቀዋለች። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደ አዳማ ሲዛወር ቢሮዎቹና ሠራተኞቻቸው ዐብረው መጡ፤ በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ለመሥሪያ ቤት ሰው ብሎ ቤት የሠራ ሰው ትምህርቱን ከዚያው አግኝቷል። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ የምትገኘው ሐዋሳም ሌላ ምሳሌ ትሰጠናለች። በ2008 ዓ.ም. ፓርኳ ሲመረቅ የፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል እየተጋሩ ይከራዩ ጀመር፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታወጣ ግን የልብስ ፋብሪካዎች ትእዛዝ አጡ። ዋሺንግተን የተፈረመ ወረቀት በአንዲት የሰርቪስ ክፍል ኪራይ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ላኪዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

የሌሎቹም ከተሞች ኹኔታ ይለያያል። ሞጆ የደረቅ ወደብ ከተማ ናት፤ ተከራይዋ ከጭነት ጋር ይመጣል። ባቱ፥ የቀድሞዋ ዝዋይ፥ በአበባ እርሻ ሠራተኞች ትኖራለች። ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ስለ ኾነች ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ለመጋዘንና ለማረፊያ ታደላለች። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ሰው ቦታ እንዲፈልግ አድርጓል፤ ተከራዩ ሳይመጣ ግን የቦታው ዋጋ ቀድሞ መውጣቱን ማስተዋል ያሻል።

ስለ መሬቱም አንድ ቃል። አዳማ በኮረብቶች የተከበበች ዝቅተኛ ስፍራ ስለ ኾነች በክረምት ጎርፍ ወደ ዝቅተኛዎቹ ሰፈሮች ይወርዳል፤ ቦታ የሚገዛ ሰው በበጋ አይቶ አይወስን፥ በሐምሌ ይመለስና ይየው። የከተማዋ ውኃ ከአዋሽ ተጣርቶ ይመጣል፤ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ግን በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ ‹‹የራሴን ጉድጓድ ቆፍሬ አጠጣለኹ›› የሚል አከራይ ውኃውን ሳያስመረምር ቃል አይስጥ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥም እስከ አዳማና አዲስ አበባ ተሰምቷል። በብረት የሚቆጥብ ግንበኛ ለባለቤቱ የቆጠበለት አይደለም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፥ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320 የቀድሞውን ልማድ ለውጦታል። ዐዋጁ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ፥ እንዲሁም ክልሎች ለሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ውሉ በጽሑፍ ኾኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ገንዘቡም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፥ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዋጋ የኹሉ መሠረት ኾነ። ‹‹ለጊዜው በርካሽ ይግባ፥ በኋላ እጨምራለኹ›› ይል የነበረ አከራይ መንገዱ ተዘግቶበታል፤ ዋጋ ሰቅሎ ቤቱን ባዶ የሚያሳድርም በየወሩ ይከስራል። ኪራዩ በባንክ ሲያልፍ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው ያየዋል፤ በግለሰብ አከራይ ላይ ከፍተኛው ልክ 35 በመቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውም የንብረት ታክስ ዐዋጅ ከወጪው ጋር የሚታሰብ ነው።

ሽማግሌ ነጋዴዎች ስለ ኪራይ ቤት ሲጠየቁ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ያነሣሉ። በዚያ ቀን በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ኾነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት፥ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ዛሬ ያለው ሕግ ሌላ ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመንም እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ኾኖም ያንን ቀን ያዩት ወረታቸውን በሙሉ በአንድ ግቢ ውስጥ አያስቀምጡም። ዕቃ ወደብ ሲደርስ ገንዘብ በቶሎ የሚያስፈልገው አስመጪም ኤልሲ የሚከፍትበትን ብር ከግድግዳ ነቅሎ ማውጣት አይችልምና፥ ለቤት የሚመድበው ገንዘብ ሱቁ ሳይነካ ለሁለት ዓመት ሊያጣው የሚችለውን ብቻ ይኹን።