የቴሌስኮፕ መስታወት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የቴሌስኮፕ መስታወት በረጅም መንገድ ሳይሰበር የሚደርስበትን ዘዴ በፊዚክስ ዓይን ለማየት እሞክራለሁ። ጉዳዩን የመረጥኩት ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ለሰማይ ምልከታ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንጓዝ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መስታወት በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነበርኩ። ካርቶኑ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጫነ። ደርሰን ስንፈታው ጠርዙ ተሸርፏል፣ ፊቱም በጋዜጣው ተጭሯል። ሌላ መስታወት አልነበረንም፤ የተሰበሰቡት ልጆች ምንም ሳያዩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እንደ ቤት መስታወት ማየቴ ነው። በቤት መስታወት ላይ የሚያንጸባርቀው ቅብ ከጀርባ ስለሆነ ብርጭቆው ይከልለዋል። በቴሌስኮፕ መስታወት ግን 100 ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቅብ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ወረቀትም ጨርቅም ሊነካው አይገባም።

ሁለተኛው የግጭት ጉዳይ ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሳጥን መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ከቆመ፣ የሚደርስበት ፍሬን በአማካይ የመሬት ስበትን 100 እጥፍ ያህላል። በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ ግን ወደ 20 እጥፍ ይወርዳል። የማሸግ ጥበብ ማለት እንግዲህ የመቆሚያ ርቀት መስጠት ነው።

ይህን አክስቴ ያለ ቀመር ታውቀዋለች። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእሷ ግን ከዳባት ጎንደር የሚመጣው በመኪና ነው። በቅርጫት ውስጥ በጭድ ትደረድረዋለች፤ እርስ በርሱም ሆነ ከቅርጫቱ ጋር አይነካካም። ምክንያቱን ስጠይቃት «ከላላ ይንገጫገጫል፣ ከጠበቀም ይፈነዳል» አለችኝ። ስፖንጅም እንደዚያው ነው፤ በጣም ከለሰለሰ ተጨፍልቆ ያልቃል፣ ከጠነከረም አይሰጥም። ጭዱን ራሱን ግን ለመስታወት አልመክርም፣ አቧራው ይጭራል።

አሁን የምንከተለው አሠራር እንዲህ ነው። መስታወቱ በትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከጎኑና ከጀርባው ብቻ በለስላሳ ነገር ይያዛል፤ በፊቱና በክዳኑ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። ሳጥኑ አቧራ እንዳይገባው በንጹሕ ፕላስቲክ ይጠቀለላል። ከዚያ በትልቅ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በስድስቱም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፖንጅ ይደረግለታል፤ ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ ስለማይጨፈለቅ ከ5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ሲነቀንቁት ድምፅ ካሰማ እንደገና ይፈታል። ከደባርቅ ብርድ ወደ ሞቃት ክፍል ሲገባም ጤዛ እንዳይዘው ወዲያው አይከፈትም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ በጥንቃቄ ነው የተጓዙት። 5 ሜትር ስፋት ያለው የፓሎማር መስታወት በ1936 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ግዛት ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዝ በብረት ሳጥን ቆሞ፣ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ባቡር፣ በቀን ብቻ 16 ቀን ፈጅቷል። የእኛዎቹ የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ባለ 1 ሜትር መስታወቶችም ከውጭ አገር ተሠርተው የመጡ ናቸው።

«ተሰባሪ ነው» ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ ዕቃ የሚጭን ረዳት አያነበውም። ስለዚህ ሳጥኑን የሚወረወር አድርጎ መሥራት ይሻላል። የእኛን በሸክላ ሳህን ፈትነነዋል፦ ሦስት ጊዜ ከወገብ ከፍታ ጣልነው፣ ሳህኑ ደህና ነው። አሁን የቀረን መስታወቱ ነው።