የኅዳር ጢስ ስለ ምን በከተማው ላይ ይተኛል?

በኅዳር ወር ማለዳ በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆሞ አዲስ አበባን ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ ጢሱ በከተማው ላይ እንደ ጋቢ ተዘርግቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ግን ጥርት ብሎ ያየዋል። ጢስ ወደ ላይ መውጣት ጠባዩ ሆኖ ሳለ መንገዱን የሚዘጋበት ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በአየር አደራረብ ነው።

አየር ክብደት የሌለው ቢመስለንም አለው፤ በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከመቶው እጅ 78ቱ ናይትሮጅን፣ 21ዱ ኦክሲጅን ሲሆን፣ ቀሪው አርጎንና ሌሎች ጥቂት ጋዞች ናቸው። የላዩ የታቹን ስለሚጫነው፣ ወደ ምድር የቀረበው አየር የታመቀ፣ ከፍ ያለው ደግሞ የሳሳ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከቆላ የመጡ ባለሙያ እመቤቶች ንፍሮው አልበስል አለ ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ሊቃውንት አየሩን በሙቀቱ አለዋወጥ መሠረት በደርብ ይከፍሉታል። የምንኖርበት የመጀመሪያው ደርብ ትሮፖስፌር ይባላል። ዳመናና ዝናም የሚገኙት በዚህ ነው፤ በእኛ አገር በኩል ቁመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥርም በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የሞቀው አየር ከምድር እየተነሣ ወደ ቀዝቃዛው ሲወጣ ጢሱንና አቧራውን ይዞ ይሄዳል። ከዚህ በላይ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያለው ስትራቶስፌር ነው። በውስጡ ያለው ኦዞን የፀሐይን ጎጂ ጨረር ውጦ ስለሚያስቀር፣ በዚያ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሙቁ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሲሆን አየሩ ረግቶ ይቀመጣል እንጂ አይደባለቅም። ሜሶስፌርና ቴርሞስፌር የሚባሉት የበላይ ደርቦች ለዛሬው ነገራችን አያስፈልጉንም።

በኅዳር ሌሊት ይኸው ነገር በትንሹ በከተማችን ላይ ይፈጸማል። ሰማዩ ዳመና ስለሌለው ምድር ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች፤ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ በዝቅተኛው ስፍራ ይተኛል፤ ከበላዩም ሞቅ ያለው አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። የማለዳው ጢስ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ፀሐይ ምድርን እስክታሞቅ ድረስም የምንተነፍሰው እርሱኑ ነው።

ይህ ክዳን ምን ያህል እንደሚጎዳ ለንደን አይታለች። ከኅዳር 26 እስከ 30 ቀን 1945 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል ጢስ በከተማዋ ላይ ታምቆ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ በመጀመሪያ ተገመተ፤ በኋላ የመረመሩት ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ አለ። መነሻው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ማለት ኢንፍሉዌንዛ ነው። መጥረጉን እናመሰግናለን፤ ማቃጠሉን ግን አንደግፍም። ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለሆነ ጢስ አያግደውም፤ እንዲያውም በጢስ የተጎዳ ሳንባ ለበሽታ ይመቻል። ደግሞም የዚያን ጊዜው ጥራጊ አብዛኛው ቅጠልና ገለባ ነበረ፤ የዛሬው ፕላስቲክና ጎማ የተቀላቀለበት ስለሆነ ጢሱ መርዛም ነው። ቅጠሉ ጕድጓድ ገብቶ ፍግ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ። አስም ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት በዚያ ማለዳ መስኮት ዘግተው ቢቆዩ ይሻላል፤ በተዘጋው ቤት ግን የከሰል እሳት አይግባ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

መምህራን በዚሁ ወር ተማሪዎቻቸውን በጧቱ 1 ሰዓትና በቀትር 6 ሰዓት ወደ ሜዳ አውጥተው፣ ከቤቶቹ የሚነሣው ጢስ እስከ የት እንደሚወጣ በደብተር ቢያስጽፏቸው፣ ክዳኑ መቼ እንደሚከፈት ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል።